የቦራ ሰማያዊ ጨርቅ

ልጅ ሳለሁ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አይሆንልኝም ነበር። ምሳ ሲበላ እነሳለሁ፣ ቁርአን ቤት እነሳለሁ፣ እናቴ ጸጉሬን ስትሠራኝ ግማሹን ተሠርቼ አመልጣለሁ። ያኔ የምንኖረው ከጎባ በላይ፣ መንገዱ ወደ ሳኔቲ ከፍታ መውጣት ሲጀምር ንፋሱ ፊት ለፊት በሚመታው መንደር ነበር። ገብስ እናርሳለን፤ በጎችና ጥቂት ፈረሶች ነበሩን። ትምህርት ቤት የምንማረው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው፤ አማርኛዬን የለቀምኩት ከጎባ ገበያና ከአባቴ ሬዲዮ ነው። ያንን ቁንጥንጥነቴን ትንሽ የሚያበርደው ማታ ማታ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ኤሱማ ከድር ከእሳቱ አጠገብ ሲቀመጡ ብቻ ነበር።

ኤሱማ ማለት በኦሮምኛ የእናት ወንድም ነው። ኤሱማ ከድር የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ከእኛው ግቢ ትንሽ ጎጆ ሠርተው ይኖሩ ነበር። በጎልማሳነታቸው ፈረስ ነጋዴ ነበሩ፤ ከሮቤ አጋርፋ፣ ከአጋርፋ ገሰራ፣ ገበያ ሳያመልጣቸው ዞረዋል። አንድ ቀን ፈረስ ከነኮርቻው ወድቆባቸው ቀኝ እግራቸው ከጉልበቱ አልታጠፍ ስላለ፣ ሲቀመጡ እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ነው። እኛ ልጆች ያንን እግር ተሻግረን እንዳንሄድ ዙሪያውን እንከብባለን። የምንማግደው የአስታ እንጨት ነበር፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ፍሙ ግን ቶሎ አይሞትም። ኩራዙን እናቴ ጋዝ ለመቆጠብ ዝቅ ታደርገዋለች፣ እሳቸውም በቀጭን እንጨት ፍሙን እየቆሰቆሱ «ዱሪ ዱሪ» ብለው ይጀምራሉ፤ ድሮ ድሮ ማለታቸው ነው።

ከሁሉም አብልጬ የምወደውና ከሁሉም አብልጦ የሚያቁነጠንጠኝ የባዝራይቱና የቀይ ቀበሮው ተረት ነበር። በእኛ ቋንቋ ቀይ ቀበሮን ጄዳላ ፈርዳ እንለዋለን፣ የፈረስ ቀበሮ። ባዝራ ስትወልድ ከሩቅ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል፤ እንግዴ ልጇ ሲወድቅ መጥቶ ይበላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው ይላሉ። በኤሱማ ተረት ውስጥ ታላቅ ውርጭ ይወርዳል፣ ፍልፈሎች ጉድጓዳቸውን ይዘጋሉ፣ ቀበሮው በረሃብ አንጀቱ ተጣብቆ ሲንከራተት ብቻዋን በምጥ የተያዘች ባዝራ ያገኛል።

«ልትበላኝ መጣህ?» ትለዋለች።

«አፌን አታይውም? ሰኮናሽን እንኳ አይችልም» ይላታል። «አንቺ የጣልሽውን ልብላ፤ እኔ ደግሞ ውርንጭላሽ በእግሩ እስኪቆም ዙሪያሽን እየዞርኩ ልጠብቅ።»

እዚህ ላይ ኤሱማ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ቀበሮው ሲዞር፣ ጅብ ሲያሸት፣ ባዝራይቱ ጆሮዋን ስታቆም፣ ሁሉንም በእጃቸው ጥላ ግድግዳው ላይ ያሳዩናል። ውርንጭላው ቆመ፣ ቀበሮው በላ፣ ሁለቱም ተዋዋሉ፤ ተረቱ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ግን አልረካም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውሉ አለ።»

«እስከ መቼ?»

«አንደኛው ወገን እስኪያፈርሰው።»

«የሚያፈርሰው ማነው?»

«ሂጂ ተኚ፣ ሰሚራ።»

ተኛሁ ማለት ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ መገላበጥ ነበር።

ከዚያ አንድ የበጋ ወራት መጣ። ሣሩ ቀድሞ ደረቀ። በጎች ይዘው ወደ ላይ የወጡ ሰዎች የሞተ ቀይ ቀበሮ አየን እያሉ ተመለሱ፤ በመጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተዉት። የጎረቤታችን ላም ባልታወቀ ውሻ ተነክሳ፣ ከቀናት በኋላ ሌሊትና ቀን ስትጮህ ሰንብታ ሞተች። ኤሱማ ራሳቸው ከፈረስ ጋር ወጥተው ሲመለሱ እራት አልበሉም። አንድ ቀበሮ አግኝተው ኖሯል፤ ጠጋ ሲሉት አልሸሸም፣ እየተንገዳገደ በአጠገባቸው አለፈ፣ አፉ ክፍት ነበር። ያን ማታ ተረት አልነበረም። እሳቱን ብቻ ይቆሰቁሱ ነበር፤ እኔም ከበሩ ወደ እሳቱ፣ ከእሳቱ ወደ በሩ ስመላለስ ማንም ተቀመጪ አላለኝም።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰውን መስጊዱ ደጃፍ ሰበሰበ። የእንስሳት ሐኪሞች ከጎባ መጥተው ነበር፤ በረዶ የያዘ ሳጥን ተሸክመዋል። የምትናገረው ትዕግሥት የምትባል ወጣት ሴት ነበረች፤ እዚያው ጎባ ተወልዳ ያደገች በመሆኗ ኦሮምኛውን እንደ እኛው ነበር የምታቀላጥፈው። ቀበሮዎቹን የሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነ፣ በሽታውን ወደ ላይ ይዘውት የሚወጡት የእኛው ውሾች እንደሆኑ፣ ይህ እንስሳ ደግሞ ከአገራችን ተራሮች በቀር የትም እንደማይገኝ አስረዳች። ውሻ ሁሉ ቢከተብ በሽታው መንገድ ያጣል አለች። በሌላውም ዓለም ከዱር አራዊት ጋር ተጎራብተው የሚኖሩ ከብት አርቢዎች ውሾቻቸውን አሰልፈው እንደሚያስከትቡ ነገረችን። ያኔ ዓለም ማለት ለእኔ ከሮቤ ማዶ ያለው ሁሉ ነበር፤ በዚያ ሁሉ አገር ልጆች ውሻቸውን በገመድ ይዘው ተሰልፈው ታዩኝ፤ ውሾቹ ሊወጉ ነውና ደስ አላለኝም።

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ለቀበሮ ብለን ነው ውሻችንን መርፌ የምናስወጋው?»

«ለቀበሮው ብቻ አይደለም አባባ» አለች። «ለላሞቻችሁም ለልጆቻችሁም ነው። የሞተችውን ላም ሰምተዋል።»

ጉርምርምታ ሆነ። ያኔ ኤሱማ ከድር በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። እንደ ማታው ቀስ ብለው የባዝራይቱንና የቀበሮውን ነገር በሁለት ሦስት ቃል አስታወሱ፤ ሁሉም ያውቀዋልና ማስረዘም አላስፈለጋቸውም። «ውሉን ያፈረስነው እኛ እንዳንሆን» አሉ። «እኔ ቤት ለቤት አብሬያቸው እዞራለሁ። የእኔም ውሻ ይከተባል።»

የእኔም ውሻ ያሉት ቦራን ነው። አመድማ ስለነበር ነው ቦራ ያልነው። የቤቱ ሁሉ ውሻ ይባል እንጂ የእኔ ነበር። ውሻ ቤት አይገባም፣ አይታቀፍም፤ እኔ ግን ከበረቱ ጀርባ ሰው በማያይበት አንገቱን አቅፌ እቀመጥ ነበር፤ ከኤሱማ ተረት ሌላ የሚያስቀምጠኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ከስብሰባው ስንመለስ ጓደኛዬ ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። አክስቷ አገር የተከተበ ውሻ በሦስተኛው ቀን ሞቷል፤ ያልሞተውም ድምፁ ጠፍቶ ጅብ ሲመጣ መጮህ አቅቶታል አለችኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቅኋትም። ሌሊቱን ሙሉ ቦራ ድምፅ አልባ ሆኖ አፉን ሲከፍት ይታየኝ ነበር።

ጠዋት ማንም ሳይነሣ ቦራን በገመድ ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። አስታው ጥቅጥቅ ያለበት ቦታ አስሬው፣ ቂጣ ትቼለት ተመለስኩ። ኤሱማ «ቦራ! ቦራ!» እያሉ ግቢውን ሲዞሩ ሰማሁ። ከበጎቹ ጋር ወጥቶ ይሆናል ብለው ከሐኪሞቹ ጋር ሄዱ። ሐኪሞቹ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ አንዱ ቡድን ከእሳቸው ጋር የላይኛውን መንደር፣ ሌላው የታችኛውን ያዘ። የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ይታሰርለታል። ከሰዓት በኋላ የታችኛው ቡድን ሥራውን ጨርሶ ከተነሣበት ሜዳ ሳልፍ አንድ እንደዚያ ያለ ጨርቅ ሣሩ ላይ ወድቆ አየሁ።

ማንም አላየኝም። አነሣሁት፤ ወንዙን ተሻግሬ ቦራ አንገት ላይ አሰርኩትና ውሻውን ፈትቼ ወደ ቤት አመጣሁት።

ኤሱማ ማታ እያነከሱ ሲመጡ ቦራ በሩ ላይ ጅራቱን እየቆላ ተቀበላቸው። ጨርቁን አዩ፤ ፊታቸው በራ። «ታች ያሉት አግኝተውህ ኖሯል! ጎበዝ» አሉት። ከዚያ በኋላ በሄዱበት ሁሉ «የእኔው ቦራ ተከትቦ ይኸው ጅብ ያባርራል» እያሉ እምቢ ያሉትን ይለምኑ ነበር። ቦራ እውነትም ይጮሃል። ሰውም እያመነ ውሻውን አወጣ። እኔ ያንን በሰማሁ ቁጥር ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ እወጣ ነበር፤ እናቴም ቁንጥንጥነቴ የተለመደው መሰላት።

ከሳምንታት በኋላ ቦራ መብላት ተወ። ከበረቱ ጀርባ ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። ድምፁ ጎርንኖ የሌላ ውሻ ድምፅ መሰለ። ውሃ አቀረብኩለት፤ አየት አድርጎ ፊቱን አዞረ። ብርድ ነው አልኩ ለራሴ። ሁለት ቀን ሙሉ ብርድ ነው አልኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ኤሱማ የከሰዓት በኋላውን የአስር ሶላት ሰግደው መስገጃቸውን ሲያጥፉ፣ ትንሹ ወንድሜ አብዲ ግቢው መሐል ጭድ ላይ ይንከባለል ነበር። ገና አራት ዓመቱ ነው። ቦራ ከበረቱ ጥግ ወጣ። አገጩ ተንጠልጥሏል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ማንንም የሚያይ አይመስልም ነበር፣ ቀጥ ብሎ ወደ አብዲ መጣ።  በሕይወቴ ሙሉ አልቀመጥ ያለ እግሬ ያኔ ቆመ። ኤሱማ ያንን የማይታጠፍ እግራቸውን እየጎተቱ መሐል ገቡ፤ ቦራ ክንዳቸውን ከእጅ አንጓቸው በላይ ያዘው፣ አልለቅም አለ። አባቴ ከእርሻው ሮጦ ደርሶ ውሻውን በዱላ ገደለው።

«ሳሙናና ውሃ» አሉ ኤሱማ። ትዕግሥት ቤት ለቤት ስትዞር ያስተማረችው ነው፤ ውሻ የነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ረጅም ጊዜ ይታጠብ። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ አፈሰስኩላቸው። ውሃው ክንዳቸውን አልፎ እግራቸው ላይ ይረጫል።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «ቁስል ብቻ ነው። የተከተበ ውሻ ነው፤ አያብድም።»

አባቴ ሬሳውን እያየ «ይሄ ውሻ ግን ታሞ ነበር» አለ።

«መርዝ በልቶ ይሆናል። ጨርቁን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ለማንኛውም ጎባ ብንሄድ አይሻልም?»

«ለዚች ጭረት? እዚያ ያለው መርፌ ለባሰበት ሰው ይሁን።» ቁስላቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉ። ነገሩ አበቃ ተባለ።

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ወጣሁ። ወደ ወንዙ ወረድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወረድኩ። ብናገር አባቴ ይገድለኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ኤሱማ በሰው ፊት ሁሉ ውሸታም ሊባሉ ነው ብዬ ፈራሁ። ባልናገርስ የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ያቺ የጎረቤት ላም ትጮህብኛለች። አብዲ ፍርሃቱ አልለቀው ስላለ መግሪብ ተሰግዶ እሳቱ እንደነደደ ኤሱማ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ በታሰረ እጃቸው ግድግዳው ላይ ጥላ ሊሠሩ ሞከሩ። ጣቶቻቸው አብጠው ስለነበር የቀበሮው ጆሮ አልወጣ አለ። «ዱሪ ዱሪ» አሉ።

«አልተከተበም» አልኩ።

«ማን?» አለች እናቴ።

«ቦራ። ወንዝ ማዶ ደብቄው ነበር።»

 ኤሱማ አብዲን ቀስ ብለው ከጭናቸው አወረዱት። «ጨርቁስ?» አሉ።

«ከሜዳው አንሥቼ እኔ ነኝ ያሰርኩለት።»

እናቴ «ያ ረቢ!» ብላ ጭኗን መታች። አባቴ ተነሣ፤ እጁ ወደ እኔ ሲመጣ አየሁት። ኤሱማ በደህናው እጃቸው ልብሱን ያዙት።

«ተዋት። ተናግራለች። አሁን የሚያስፈልገን ፈረሱን ማዘጋጀት ነው።»

ያን ጊዜም ሆነ በማግሥቱ አልተቆጡኝም። ሰማይ ሳይቀላ ኮርቻ ላይ ወጡ፤ አባቴም ልጓሙን ይዞ ሸኛቸው። እናቴ የእኔንና የአብዲን ገላ ከጸጉር እስከ ጥፍር አገላብጣ፣ ጭረት አለማየቷን ለማረጋገጥ ደግማ አገላበጠች። ከዚያም ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ለቀናት ስሜን አልጠራችውም።

ያኔ መድኃኒቱ እምብርት አካባቢ በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነበር። ኤሱማ ጎባ ዘመድ ቤት አርፈው ጠዋት ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ይሄዱ ነበር። አባቴ ሄዶ ሲመለስ «ደህና ናቸው» ይላል፤ ፊቱን ግን አያሳየኝም። በሽታው የያዘው ሰው ውሃ ይፈራል፣ ጉሮሮው ይዘጋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ያን ሰሞን ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ጉሮሮዬን እየነካሁ እውጥ ነበር። በሳምንቱ እናቴ ይዛኝ ሄደች። ኤሱማ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው፤ ከስተዋል። የዘመዳችን ልጅ ውሃ በብርጭቆ አመጣችላቸው። እኔ ዓይኔን ከብርጭቆው መንቀል አልቻልኩም። አዩኝ። ብርጭቆውን አንሥተው፣ እኔን እኔን እያዩ፣ ቀስ አድርገው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«አየሽ?» አሉኝ። «ወረደ።»

ለልጅቷም ብርጭቆውን መለሱላት። «ድገሚኝ» አሏት። ሁለተኛውንም ጠጡ። ያኔ ነው ማልቀስ የቻልኩት።

መርፌያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። «ከድር የራሱን ውሻ ሳያስከትብ የእኛን አስወጋ» ይባል ነበር። ከጁምዓ በኋላ ከዚያው መስጊድ ደጃፍ ቆሙ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ፣ ስሜ ሲጠራ ወዴት እንደምሮጥ በዓይኔ መንገድ እፈልግ ነበር።

«ውሻዬ ተከትቧል ብዬ ነገርኋችሁ» አሉ። «አልተከተበም ነበር። ጨርቅ አይቼ አመንኩ፤ አላጣራሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ክንዳቸውን ገልጠው ጠባሳውን አሳዩ። «ሌላ የማሳያችሁ ነገር የለኝም።»

የሳቀባቸው ነበር። ተነሥቶ የሄደም ነበር። ግን ሐኪሞቹ ለሁለተኛ ዙር ሲመጡ፣ በመጀመሪያው ዙር ውሻቸውን የደበቁ ሰዎች፣ ለካስ እኔ ብቻ አልነበርኩም፣ አንድ በአንድ ይዘው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው ያልተከተበ ውሻ ከበግ ጋር ወደ ላይኛው ግጦሽ እንዳይወጣ ወሰኑ፤ ጨርቅ ብቻ እንዳይታመን ሐኪሞቹ ሲከትቡ የሰፈሩ አንድ ሰው ቆሞ እንዲያይ ተደረገ። ኤሱማ እንደገና ቤት ለቤት ዞሩ። በዚህኛው ዙር የውሾቹን ገመድ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። በየቤቱ ታሪኩን ይነግራሉ፤ በየቤቱ ውሻው የተደበቀበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አንድ ዓይነት ቃል ይላሉ፣ «ሳላጣራ ቀረሁ» ብቻ። እኔ ገመዱን እያጠባበቅሁ መሬት አያለሁ።

በሽታው ያን ዓመት ረገበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ብቅ አለ፤ ውሾቹም እንደገና ተሰለፉ። ነገሩ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ቡችላ በተወለደ ቁጥር ሥራው ይጀምራል።

አድጌ ሮቤ ሥራ ይዤ፣ ትዳርም መሥርቼ ሳለ ኤሱማ ዓይናቸውን ሊታከሙ እኔ ቤት መጥተው ሰነበቱ። ቤቴ መብራት አለው፤ ፍም የለም። ልጆቼ ቴሌቪዥን ሲያዩ እሳቸው ድምፁን ብቻ ይሰሙ ነበር። አንድ ማታ ብቻችንን ስንቀር ለዓመታት ያፈንኩትን ጠየቅኋቸው።

«ኤሱማ፣ ለምን ስሜን አልተናገሩም? ያን ሁሉ ስድብ ለምን ለራስዎ ወሰዱት?»

ያን የማይታጠፍ እግራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ። 

«ስምሽን ብጠራ ኖሮ» አሉ፣ «ሰው ሁሉ ስለ አንቺ ያወራ ነበር። ስለ ውሻው ይረሳል። እኔ የፈለግሁት ስለ ውሻው እንዲያስቡ ነው።» ከዚያ ወደ ድምፄ ዞሩ። «ደግሞ ልጅ ነበርሽ።»

ከሁለት ዓመት በኋላ በእርጅና ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ያሉትም ሆነ፤ የመንደራችን ሰው ስለ ውሻው አሰበ፣ እኔን አላወቀኝም። ዛሬም ወደዚያ ስሄድ የከድር የእህት ልጅ ብለው ወተት ይቀዱልኛል፤ ያን ዘመን እያነሡ፣ ከድርን ያ የተረገመ ሰው በጨርቅ አታለላቸው፣ ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አልታወቀም ይላሉ። ወተቱን ተቀብዬ እጠጣለሁ። አፌን ከፍቼ «እኔ ነኝ» ልል ስል አንድ ሰው ሌላ ወሬ ይጀምራል፣ ወይም ልጅ ያለቅሳል፣ ወይም እኔው ራሴ ለመሄድ እነሣለሁ። ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ በመጪው ሳምንት ወደ መንደሩ እወጣለሁ፣ ወረቀቱንም ይዤው እሄዳለሁ፤ አፌ እምቢ ካለኝ እዚያው መንደር ያለችው ጓደኛዬ ዘይነባ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ታነብላቸዋለች።